ያልተቀመቀመው ጎን

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አርብ። መካነ ሰላም፣ ከመስጊዱ በታች ባለችው ቤታችን፣ የእናቴ የስፌት መኪና ላይ ሦስት ጎኑ የተቀመቀመ፣ አራተኛው ጎኑ ክፍት የሆነ ቢጫ የሕፃን መጠቅለያ ነበር። የመኪናው መርፌ ገና ከጨርቁ አልወጣም። እናቴን ነሲባን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አጠገቡ ሞታ አገኘናት። በቀብሯ ላይ ከጤና ጣቢያችን የመጣ አንድ ሰው «በበጎ ሥራዋ ላይ ሳለች በሰላም አረፈች» ብሎ ተናገረ። የጤና ጣቢያው መዝገብ ያዥ እኔ ነኝና ይህን ማረም ግዴታዬ ነው። በሰላም አላረፈችም። ተናዳ ነው የሞተችው። የተናደደችውም በእኛ ነው።

ነሲባ የተወለደችው ወረኢሉ ገጠር ነው፤ ቁርኣን የሚያስቀራ ባል አግብታ ወደዚህ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን ስትጠብቅ ኮፍያውንም መጠቅለያውንም አስቀድማ ሰፍታ ጨርሳ ነበር። ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ። በዚያው መጠቅለያ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ልቅሶውን ሳትሰማ ለማንም ሕፃን ሰፍታ የጨረሰችው ነገር የለም፤ ለእኔም ቢሆን። ሦስቱን ጎን በመኪና ትቀመቅማለች፤ አራተኛውን ልጁ ከተወለደ በኋላ ከወላዷ አልጋ ጫፍ ቁጭ ብላ በእጇ ትዘጋለች። ለምን ሲሏት «መጨረስ የኔ ሥራ አይደለም» ትላለች። የመጠቅለያውን ጨርቅ፣ የፍላኔሉን ጣቃ፣ ሱቅ ውስጥ አስዘርግታ በጉንጯ ትሞክረው ነበር። የጎረበጣትን ባለሱቁ ቢምልም ቢገዘትም አትወስደውም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለጤና ጣቢያው እናቶች አሥራ ሁለት መጠቅለያ ይዛ መጣች። የመጋዘን ኃላፊያችን አሳምነው አንዱን ገልጦ አየና፣

«እትዬ ነሲባ፣ ይሄ እኮ አላለቀም» አላት።

«አንተስ መቼ አልቀህ ነው እናትህ ለሥራ የላከችህ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።

«እንግዶች ከላይ ይመጣሉ፤ ፎቶ አለ። ክሩ ተንጠልጥሎ እንዴት ይታያል? ዛሬ ይዝጓቸውና ነገ እንረከባለን።»

«ልጆቹ የታሉ?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«አየህ፣ አንተም አታውቃቸውም። ሲመጡ እዘጋላቸዋለሁ።»

በርክክብ ቅጹ ላይ «ሁኔታ» በሚለው ቦታ «ያልተጠናቀቀ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሰት አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝም ያየሁትን እንድጽፍ ነው። ያልተጠናቀቀ ዕቃ ግን ያለ ሦስት ፊርማ ከመጋዘን አይወጣም። የአራተኛውን ጎን ምክንያት ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሥሩ አንድ መስመር መጨመር እችል ነበር። አልጨመርኩም። እንግዶቹም ሳይመጡ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ሰባት ልጆች ተወለዱ። የወሊድ መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ ሰባት። በዚያ ውርጭ ሰባቱም በእናታቸው ነጠላና በአባታቸው ፎጣ ተጠቅልለው ወጡ። አሥራ ሁለቱ መጠቅለያዎች ከእነሱ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር።

ስምንተኛዋ ወላድ ዝናሽ ናት። ከቆላ መጥታ በእናቶች ማቆያው ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ ሐሙስ ጠዋት ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናቴ ልትጠይቃት ገብታ ልጁን በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ አየችው። በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«መጋዘኑን ክፈትልኝ።»

«እማ፣ ቁልፉ አሳምነው ጋ ነው። ለሥልጠና ደሴ ሄዷል።»

«እንግዲያው ስበሩት።»

«ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል እኮ፣ እማ...»

«ዒምራን! ልጁ ፊርማ ይለብሳል?»

ጥላኝ ወደ ቤት ሄደች። 

እሷ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ሦስቱም ፊርማ ከምሳ በፊት ተገኘ። «ለመታሰቢያዋ» ተብሎ ካርቶኑ ወጣ። አንድ የገበያ ልብስ ሰፊ የአሥራ ሁለቱንም አራተኛ ጎን በመኪና ዘጋው፤ ከዚያ ተደርድረው ፎቶ ተነሡ። የሚለብሷቸው ልጆች ገና አልተወለዱም። ዕድሜዋን ሙሉ አላደርግም ያለችውን በስሟ አደረጉላት። እኔ እንድፈርም ስጠራ አልፈረምኩም። ከሦስት ሳምንት በፊት እንዲህ ብሆን ኖሮ ይበጅ ነበር።

የአርቡን ጠዋት ግን ማንም በሙሉ ስላልመዘገበው፣ ዝናሽ እንደነገረችኝ እኔ ልጻፈው። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቤት ከተረፋት ነጭ ፍላኔል የቆረጠችውን አዲስ መጠቅለያ ይዛ ወላዶች ክፍል ገባች። የዚህም ሦስቱ ጎን ብቻ ነበር የተቀመቀመው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት ዝናሽን።

«አሜን፣ እማማ። ለእኔ ብለው በብርዱ ደከሙ።»

«ለአንቺ ማን ደከመ? ለዚህ ለጯሂው ነው እንጂ!»

አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ልጁ ያለቅስ ነበር፤ ዝናሽ ልታጠባው ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት። «ቆዪ፣ ትንሽ ይጩህልኝ» አለች። እሱ እየጮኸ አራተኛውን ጎን ዘጋች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ፎጣውን አንስታ በፍላኔሉ ጠቀለለችው። «አላህ ያሳድገው» ብላ መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ ሰካች።

ስትወጣ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት በኩል ቆመች። ሰላም አላለችኝም።

«ጻፍ» አለችኝ። «አንድ መጠቅለያ፣ ለዝናሽ ልጅ ተሰጥቷል። አራቱም ጎኑ ተቀምቅሟል።»

ጻፍኩት። ቀና ስል ግቢውን አልፋ ወጥታለች።