የሩፋኤል ጎርፍ

የናዝሬት ክረምት መጨረሻው አይታመንም። ሐምሌን ሙሉ ደመና እያሳየ ሳይዘንብ ይከርምና፣ ሰው "ዘንድሮስ አለፈልን" ብሎ ቆርቆሮው ላይ የጫነውን ድንጋይ ሲያወርድ፣ ነሐሴ ሊወጣ ሲል ንፋሱን፣ በረዶውንና ጎርፉን በአንድ ቀን ይልካቸዋል። ጠዋት ፀሐይ አይቼ ያሰጣሁትን ልብስ ከሰዓት ከሰው አጥር ላይ የለቀምኩበት ቀን ብዙ ነው። እናቴ ግን የምትጠረጥረው ሰማዩን ብቻ አልነበረም። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" ትል ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከገንፎው ስንጥሩ በዝቶ ነበር።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅና የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። አባታችን ሞቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ሰኔ ላይ ከቤት ወስደው ቀበሌው ግቢ ውስጥ አስረውታል። ጠዋት ጠዋት ስንቅ አደርስለታለሁ፤ የትናንቱ ሳህን ባዶውን ከተመለሰልኝ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ቤት እመለሳለሁ። የያዙበት ነገር አልነበረም፣ ጥርጣሬ ብቻ ነው። በጥርጣሬ የታሰረ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ይፈታል። ማስረጃ የተገኘበት ግን ሳህኑ አይመለስም።

ማስረጃው እኛ ጋ ነበር። ወንድሜ በተወሰደ በሳምንቱ ፍራሹን ስናገላብጥ አራት መጽሐፍና በእጁ ጽሑፍ የተሞላ አንድ ወፍራም ደብተር አገኘን። ስሙ አልተጻፈበትም፤ ይሁን እንጂ ከማን ግቢ እንደወጣ ከታወቀ በቃ። እንዳናቃጥለው፣ ያለ ምግብ ሰዓት ጢስ የታየበት ቤት ይፈተሽ ነበር። ስለዚህ በትልቅ የብስኩት ጣሳ ከተን ጓሮ ቀበርነው። የቀበርነው በቀን ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጠብቀን፣ የዶማው ድምፅ እንዳይሰማ። እናቴ ላዩ ላይ ጎመን ተከለችበት።

ከታች በኩል በአጥር የሚዋሰኑን የሁሩታ ሰው ነበሩ። መካን ሳያዩ ሠፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ስኳርና ጨው ግን ከገበያ በሚገዙት አሮጌ ደብተር ወረቀት እየጠቀለሉ ይሸጣሉ። የቀበሌው ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚቀመጡት እሳቸው ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ነበር። ለእናቴ ይህ ብቻ በቂ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሐጂ አጥሩ ጋ መጡ።

"እትዬ፣ የዘንድሮው ውኃ መንገድ ቀይሯል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች በግንብ ስላጠሩ በእናንተ ግቢ ነው የሚወርደው። እዚህ ጋ ቦይ ቢቀደድ ጥሩ ነው" አሉና በጣታቸው ጎመኑን አሳዩን። "እኔ ዶማ ይዤ እመጣለሁ። ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አካፋ ትይዣለሽ።"

"ይቆየን ሐጂ" አለች እናቴ።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቦዩን ካነሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጁስ ደህና ነው?" አሉ።

እናቴ ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ "ስለ ልጄ ምን አገባው? ከዚህ ሁሉ ግቢ ጎመኑን ማን አሳየው? ልከውት ነው እንጂ!" አለች። እኔም አመንኳት። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ቀዳዳ እከታተላቸው ጀመር። ሲሰግዱ እንኳ ወደ እኛ ጓሮ የሚዞሩት ለነገር ይመስለኝ ነበር፤ መካ በጎመናችን አቅጣጫ መሆኗ የእሳቸው ጥፋት አልነበረም።

እናቴ በመጨረሻ መላ አገኘች። "ሐጂ፣ ሩፋኤል እየደረሰ ነው" አለቻቸው። "የሩፋኤል ዝናብ ለእኛ ጸበል ነው። ጸበልን በቦይ ከደጄ አላባርርም።"

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እሺ፣ ሃይማኖት ከሆነ ምን እላለሁ" ብለው ተመለሱ። በሰው እምነት የሚገቡ ሰው አልነበሩም። እኛ ቤት ገብተን ሳቅን፤ ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በተራራው በኩል አንድ ጥቁር ደመና ብቅ አለና ለስለስ ያለ ዝናብ ጀመረ። ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይዘላሉ፤ ሴቶቹ ሊጡ እንዲባረክ ውኃውን በድስትና በባልዲ ይቀበላሉ። እናቴም ሁለት ድስት ደቀነች። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ቆቡን አውልቆ ራሱን ለዝናቡ ሲሰጥ አየሁት።

ከዚያ ንፋሱ መጣ። መጀመሪያ የባልዲዎቹን ውኃ ደፋ፣ ቀጥሎ የእኛን ማድ ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ መንገድ ላይ ጣለው። በረዶው ሲከተል ጸበል ሊቀበል የወጣው ሁሉ ራሱን በድስት ከልሎ ወደ ቤት ሮጠ። ጎርፉ ከላይ አጥሩን ጥሶ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የናዝሬት አፈር ቀላል ነው፤ ውኃ ካገኘ አይቆምም። ጎመኑ ከነሥሩ ሄደ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ጣሳው ብቅ አለ። በበረዶው መሀል ዘልዬ ወጣሁ፤ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ቀና ስል ክዳኑ ተከፍቶ መጻሕፍቱና ደብተሩ በአጥሩ ሥር ወደ ሐጂ ግቢ ሾለኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ወጣች። ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ውኃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ወረቀት ነበር። በተቀደደው አጥር በኩል አዩን። ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

"አለቀ" አለች እናቴ። "ልጄን ሊሸጠው ነው።" እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጥበቃዎቹ ከታችኛው መንገድ ጭቃ ውስጥ ከመጻሕፍቱ አንዱን አግኝተው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አንደኛው የራሰውን መጽሐፍ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እኛ በር ላይ ቆመ።

"ይሄ ከማን ግቢ ወጣ?"

እናቴ ነጠላዋን ጨበጠች። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐጂ ሳይናገሩ እኔ ልናገር፤ የሚታመነው የቀደመ ነው።

"ከእኛ በታች ያሉትን ጠይቁ" አልኩ። "ሐጂ ትናንት ከውኃው ውስጥ ወረቀት ሲሰበስቡ አይቻለሁ።"

ውሸት አልነበረውም። ለብዙ ዓመት ራሴን ያባበልኩት በዚህ ነው።

ጥበቃዎቹ ሐጂ ቤት ሲገቡ ደብተሩን ገጽ በገጽ ተነጥሎ፣ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ተሰጥቶ አገኙት። ጩኸቱ እስከ እኛ ይሰማ ነበር።

"የማን ነው?"

"የኔ ነው። የስኳር መጠቅለያ ነው፣ ከገበያ ገዛሁት።"

"ማን ሸጠልህ?"

"አላውቀውም።"

ይህኑ ጥያቄ ደጋግመው ጠየቋቸው፤ የሚደበድቡበት ድምፅም ይሰማ ነበር። መልሱ ግን አልተለወጠም። እየገፈተሩ በእኛ በር ሲያሳልፏቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፉ። እኔ ያን ጊዜ እንኳ "አየሽ፣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው" አልኳት ለእናቴ።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሐጂ ባለቤት መጡ። ከሻሻቸው ሥር አንድ የደረቀ ወረቀት አውጥተው በእጄ አስያዙኝ። የወንድሜ ጽሑፍ ነበር።

"ይቺ አልጋ ሥር ቀርታ ነበር" አሉ። "ሐጂ 'የአስተማሪዋ ትምህርት ነው፣ እርጥቡን ከሰጠናት ይቀደድባታል፣ አድርቀን እንስጣት' ብለው ከሰሉን ራሳቸው አቀጣጠሉ። ማን ጠቁሞ እንዳስያዛቸው አላህ ይወቀው።"

እናቴ ጓዳ ገብታ አልወጣችም። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ሐጂ "የአስተማሪዋ ነው" ቢሉ ኖሮ በዚያው ሰዓት ይለቋቸው ነበር።

ወንድሜ በጥቅምት ተፈታ። ሐጂ የተፈቱት ሌላ ክረምት ከመጣ በኋላ ነው፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ሱቁን ሳይከፍቱ ጓዛቸውን በጋሪ ጭነው ወደ ሁሩታ ተመለሱ። ሁሩታ ከናዝሬት ሩቅ አይደለም። ሄጄ አላውቅም።

እናቴ እውነቱን ለወንድሜ ሳትነግረው ሞተች። የነገረችው የፊተኛውን ጥርጣሬዋን ነው። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቹን ሰብስቦ ስለ እስራቱ ያወጋቸዋል፤ "ታች ባለሱቅ የነበረው ሽማግሌ ጆሮ ጠቢ ነበር፤ በመጨረሻ የራሱ ሰዎች በሉት" ይላል። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ትንሿ ልጁ ወደ እኔ ዞራ "አክስቴ፣ አንቺስ ሰውየውን ታውቂያቸው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ብዙም አላውቃቸውም" አልኳት።