ሳሎኑ ሲሰፋ

ባለቤቴ ከቤት መጀመሪያ ያስወጣው ምንጣፉን ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ጠቅልሎ በረንዳው ላይ አቁሞታል። «አቧራ ይዟል፣ ያስለኛል» አለኝ። ሲያስለው ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም አልተከራከርኩም፤ እንዲያውም «እሰይ!» አልኩ።

ደስ ያለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሶ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንገባ፣ ግቢ ሙሉ ዕቃ ነው ሁለት ክፍል ውስጥ የጠቀጠቅነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ሱቁን ሲዘጋ የስፌት መኪናውን፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን፣ በጣሳ የታጨቀ ቁልፉን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። በዚያ ላይ ቡፌው አለ፣ የልጃችን የድሮ አልጋ አለ፣ ማንም የማይበላባቸው ትንንሽ ጠረጴዛዎች አሉ። ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና የምንሄደው በጎን እየተራመድን ነበር። «ኧረ ይህን ነገር እንቀንስ» ባልኩት ቁጥር «ዕቃው ምን አደረገሽ?» ይለኛል። ውሎ አድሮ እኔም ተውኩት። ስለዚህ ምንጣፉ ሲወጣ፣ በመጨረሻ ልብ ገዛ ብዬ አሰብኩ።

በሳምንቱ ቆራሌው ከሥር ሲጮህ ባለቤቴ በመስኮት ጠራው። ቡፌው ወጣ። ጠረጴዛዎቹ ወጡ። አልጋው ተፈታቶ ወጣ። በክር ዋጋ ከነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከረው ሰውዬ፣ ቆራሌው የጠራለትን ዋጋ እሺ ብሎ ተቀበለ። ቆራሌው ራሱ ደንግጦ ቀና ብሎ አየው።

ልጃችን አብነት ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ሳሎኑን ስታይ አጨበጨበች።

«አባዬ፣ ጎበዝ! አሁን ሰው የሚኖርበት ቤት ሆነ።»

እሱ ፈገግ አለ። የቀረውን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ አስጠጋና ጀርባውን በእጁ ዳሰሰው።

ከዚያ የስፌት መኪናው ተራ ደረሰ። ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሰጣት። ያ መኪና እኔን አግብቶ፣ ልጁን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃበት ነው። ሌላ ሰው ሲነካው እንኳን ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ሴትየዋ በረከት እንደተቀበለ ሰው እየመረቀችው ስትወጣ፣ እሱ በሩን ዘግቶ መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። «ለምን?» አልኩት። «መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ደከመኝ» አለኝ። በኛ ዕድሜ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የማይደክመው ማን አለ? አለፍኩት።

ልብሱን ሲያወጣ ግን አላለፍኩትም። በእጁ የሰፋቸው ሱፎች ነበሩት፤ ቡናማው፣ ግራጫው፣ ልጃችንን የዳረበት ባለመስመሩ። ሁሉንም ሰጠ። ያስቀረው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ከሸሚዞቹም ነጭ ነጩን ብቻ አስቀረ።

«ቡናማውን እንኳን ተወው። እሱኮ ነው የሚያምርብህ።»

«ይበቃኛል» አለ።

በእኛ ዘንድ የሰው ልብስ የሚከፋፈለው ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ሰውዬው ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ካፖርቱ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ደረጃውን ሲወርድ አየሁት። ሳላስበው አማተብኩ።

በቀጣዩ እሁድ የፎቶ አልበሞቹን በፌስታል አድርጎ ልጃችን ጭን ላይ አስቀመጣቸው። «አንቺ ዘንድ ይሁኑ» አላት። የዚያን ቀን አላጨበጨበችም። ኩሽና ተከትላኝ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አባዬን አሞታል እንዴ?»

«ይበላል፣ ይተኛል። እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። የያዝኩትን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

በዚያ ሰሞን «ልደታን ተሳልሜ ልምጣ» ብሎ እየወጣ ቆይቶ ይመለሳል። ጸሎተኛ ሆነ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ከታች የምትኖር ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አገኘችኝ። «ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ቤተ ክርስቲያን ካየናቸው ቆየን» አለችኝ። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍኳት፤ እቤቴ ስደርስ ግን ቁልፉን በሩ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈራሁት። ሲበላ አየዋለሁ፤ ከስቶ እንደሆነ ብዬ አንገቱን አየዋለሁ። አልከሳም። ያ ደግሞ ባሰብኝ። የሚያመው ነገር ሳይኖር ዕቃውን የሚሰጥ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው? አንዳንዴ የሚያዘጋጀው ቤቱን ሳይሆን እኔን ይመስለኝ ነበር። ሳሎኑ በሰፋ ቁጥር እኔ ደረቴ ይጠብባል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ከመንገድ ተመለስኩ። በራችን ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። መብራት አልበራም፤ በደመናው ምክንያት መግቢያው ላይ ጨለም ብሏል። ባለቤቴ ሳሎኑ ውስጥ በቀስታ ይራመዳል። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። ግራ እጁ ግድግዳውን ይታከካል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«መስኮት… ሶፋ… ጥግ… በር…»

መናገርም መውጣትም አቃተኝ። ግድግዳውን ተከትሎ መጣ፣ መጣ፣ ጣቶቹ ነጠላዬን ነኩ። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

«ማነው?»

አሁን ዓይኑን ይገልጣል፣ እንስቃለን ብዬ ጠበቅሁ። ገለጠ። አፍንጫው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዓይኔን እያየ እንደገና ጠየቀኝ፤

«ማነው? አንቺ ነሽ?»

ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት፤ ወይም እሱ ነው እኔን ያስቀመጠኝ፣ አላስታውስም። ዝናቡ ጀመረ።

«ግራ ዓይኔ ሄዷል» አለኝ። «ቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ጨለም ሲል እሱም የለም።»

«ማን ነገረህ?»

«የዓይን ሐኪም። የዓይን ግፊት ነው ይላል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም።»

«ልሳለም ስትል…»

«እሱ ጋ ነበርኩ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። «አንተ ባል ነህ ወይስ ተከራይ?» ብዬ ጮህኩበት። «ልትሞት ነው ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?»

ከዚያ ስለ እናቱ አነሳ። እናቱ ዓይናቸው እንደጠፋ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞቱ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ሰው የተነሳበት በርጩማ አደናቅፏቸው ምድጃው ላይ ነበር የወደቁት። «ማንም ክፉ አላሰበም» አለኝ። «ያ ሰው የተነሳው ለአፍታ ነው። አንቺ ደግሞ ካወቅሽ እጄን ይዘሽ ትመሪኛለሽ። እንዲያ ከመሆኑ በፊት ቤቱን በእግሬ ልማረው ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዕቃ የማስወጣው እኔ ሆንኩ። የራስጌ ኮመዲኖዬን፣ የአበባ ማሰሮዎቼን ሰጠሁ። የኩሽናው በር ጠርዝ ግንባሩን ሲመታው አናጢ ጠርቼ በሩን አስነቀልኩ። ልጃችን ስትሰማ አለቀሰች፤ «እኔ ጋ ኑ» ብላ ለመነችው። «እዚያ ዕቃው የት እንደሆነ አላውቅም» አላት። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ሲናገሩ ድምፅ ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣ ዙሪያውን ያይና «ልትለቁ ነው እንዴ?» ይለናል። እኛም «ቁጭ በሉ እስቲ» እንላለን።

ቤቱን ባዶ ማድረግ ቻልን። ከተማውን ግን ማን ባዶ ያደርግልናል? ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ብቻውን መሄዱን አልተወም። አሁን እውነቱን ነው የሚሄደው። ዱላ አልይዝም ብሎ ጃንጥላ ይይዛል። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ አየዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ቆሜ ሳየው፣ ከሚታጠፍበት ወዲህ፣ ትናንት ደህና የነበረው የእግረኛ መንገድ ተቆፍሮ አየሁ። ጉድጓዱ የሰው ቁመት ይሆናል። አጥር የለው፣ ገመድ የለው። ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሄዳል። በስሙ ጠራሁት። የሚቆፍረው መኪና እየጮኸ ነው፤ አልሰማኝም። ነጠላዬን ሳልለብስ፣ በሩን ሳልዘጋ ደረጃውን ወረድኩ። ስወርድ ለእግዚአብሔር ምን እንዳልኩት እሱ ያውቃል።

ስደርስ ጠርዙ ላይ ቆሟል። የጃንጥላው ጫፍ አየር ላይ ነው። ከኋላ ክንዱን ጨብጬ ሳብኩት።

«አፈሩ ሸተተኝ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አዲስ የተቆፈረ አፈር። እሱ ነው ያቆመኝ።»

ሁለታችንም አዲስ የተቆፈረ አፈር የት እንደሚሸት እናውቃለን። ጃንጥላውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ እጁን በክንዴ ሥር አስገባ። ከተጋባን ጀምሮ መንገድ ላይ እንዲያ ይዞኝ አያውቅም። ክብደቱን ጥሎብኝ እግር በእግር ተመለስን።

አሁን አብረን ነው የምንወጣው። ትናንት ጠዋት ጉድጓዱ ከብሎካችን መግቢያ ትይዩ ደርሶ ነበር። ባለቤቴን ደረጃው ላይ እንዲቆም ነገርኩትና ቀድሜ ወርጄ መተላለፊያውን አየሁ። ከዚያ ተመልሼ ክንዴን ሰጠሁት።