የቀኙ ፓድ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቤቱን ሁሉ ሽቦ በሽቦ ስላደረገው ነው እላለሁ። የምንሠራው በአንድ ክፍል ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል መጋረጃ እሰፋለሁ፤ እሱ በበሩ በኩል ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሃያ ዓመት አጎንብሶ ከመሥራቱ የተነሳ አሁን ቆሞም ጎባጣ ነው። እሱ ነገር በሆዱ ይዞ የሚኖር ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም።

ታላቃችን፣ ጋሼ የምንለው፣ ከበሮ መቺ ነው። አባታችን ሲሞት ሁለታችንንም በዚያው ከበሮ አሳደገን። ከአንድ ባንድ ጋር ሠላሳ ዓመት መታ፤ አምና ቀኝ እጁ መስነፍ ጀመረ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ፤ ጋሼ ብርድ ነው አለ። የባንዱ መሪ ግን ምክንያቱን አልጠየቀም። “ከበሮው አይሰማም፤ በዚህ ወር ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ” አለው።

ሽቦ ይህን ሲሰማ ከተበላሹ የማንቂያ ሰዓቶች ውስጥ የምትጮኸውን ናስ እየፈለቀቀ ማውጣት ያዘ። ሳንቲም የምታክል ስስ ክብ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትጮኻለች፣ ሲመቷት ደግሞ በተራዋ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ኮምፔንሳቶ በክብ በክቡ ቆርጦ ናሷን ለጠፈበት፤ በላዩ ከኔ ፍራሽ የሰረቀውን ስፖንጅ አነጠፈ፤ በስፖንጁ ላይ ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ወጠረ። እንዲህ አራት ፓድ፣ ማለትም እንደ ከበሮ ፊት የሚመታ፣ ሠርቶ፣ ሦስቱን ለእጅ አንዱን ለእግር፣ ሁሉንም በአንድ ብረት ላይ አሰራቸውና ገመዳቸውን የከበሮ ድምፅ በሚያወጣ አሮጌ ሳጥን ላይ ሰካ። “ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል” ብዬ ሳቅሁበት። ጋሼ በከበሮ ዱላው ጫፍ ጠቅ ቢያደርገው ግን ክፍሉ ተናወጠ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። የባንዱ መሪም አፉን ያዘ፤ ወንበሩ ለጋሼ ቀረለት።

ሳጥኑ ላይ የቀኝ እጁ ፓድ ትንሹን ንክኪ እንዲሰማ የሚያደርግ ማዞሪያ አለ። ጋሼ በየሁለት ሳምንቱ ሳጥኑን ይዞ እየመጣ “ይሄ ነገር ደነቆረ እኮ!” ይላል፤ ሽቦ ጥቂት ያዞርለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ማዞሪያው መጨረሻው ላይ ደረሰ።

አንድ ጠዋት ጋሼ ፓዶቹን ከነሳጥኑ ተሸክሞ ሌላ አቤቱታ ይዞ መጣ።

“ላቤን ልጠርግ ቀኝ እጄን ሳነሳ ቀኙ ፓድ በራሱ ይመታል። ጋኔን አስገባህበት እንዴ?”

“እግርህ ነው ጋሼ። እግርህ ሲመታ ብረቱ ይነዝራል፣ ቀኙም በዚያ ይጮኻል።”

“ታዲያ አስተካክለዋ!”

ሽቦ ለራሱ ብቻ እንዲሰማ የጆሮ ማዳመጫውን ሳጥኑ ላይ ሰክቶ አጠለቀ። “እስቲ እግርህን አቁምና በቀኝህ ብቻ ምታ” አለው። ጋሼ መታ፣ ደገመ። ሽቦ ፊቱ አመድ መሰለ።

“እንዴት ነው?”

“ደህና ነው። ስፖንጅ ሳገኝ እሠራዋለሁ።”

ጋሼ ዕቃውን ይዞ እንደወጣ “ስፖንጅማ ፍራሼ ላይ ሞልቶልሃል” አልኩት።

“በቀኙ ሲመታ ምንም አልሰማሁም” አለኝ። “እጁ አይመታም። ሰሞኑን በቀኙ ፓድ የሚጫወትለት እግሩ ነው። ብልሽቱን ከጠገንኩት እሱም ያውቃል፣ መሪውም ያውቃል።”

ከዚያ ወዲያ ሰበብ ብቻ ሆነ። ስፖንጁ ጠፋ፣ ሙጫው ደረቀ፣ መብራት ሄደ። ሽቦ በር ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል፤ ምሳውን ሳይነካ ይመልሳል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ስለው “የማን በሽታ?” አለኝ።  እኔም ነገሩን በሆዴ መያዝ ደክሞኝ ነበር።

በመጨረሻ ጋሼ ብረቱን እንዳለ ተሸክሞ መጣና መጋረጃዬ መሃል አቆመው። “ዛሬ ሳትሠራው ንቅንቅ አልልም። የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?”

ሽቦ አየኝ፤ እኔ ስፌቴን አየሁ። የእግሩን ፓድ ከብረቱ ፈቶ ለብቻው አቆመው፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አደረገ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ እሱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ጎተተው።

ጋሼ ተቀምጦ በእግሩ መታ። የእግሩ ብቻ ጮኸ። “ጎሽ!” አለና ዘፈኑን ጀመረ። ግራው ይሰማል፣ እግሩ ይሰማል። ቀኝ ክንዱ ይነሳል ይወርዳል፤ ቀኙ ፓድ ጭጭ። አቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

“አበላሸኸው!”

“አልተበላሸም ጋሼ።”

“አይሰማማ!”

“አሁን ነው የተሠራው።”

ጋሼ በግራው ተሻግሮ ቀኙን ፓድ መታው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዱላውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀኝ እጁን ሲያየው ቆየ።

“መቼ አወቅህ?”

“ማዳመጫውን ያጠለቅሁ ዕለት።”

“ሁለት ወር ሊሞላው ነው እኮ!”

“አዎ።”

ጋሼ ይጮኽበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። “ይሄን ሁሉ ቀን ይዘኸው ኖርክ” አለ። “ደክሞሃል አይደል?”

“ደክሞኛል ጋሼ” አለ ሽቦ፤ እንባው መጣ።

“በል፣ የቀኙን ገመድ ንቀለው። ለመሪው እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።”

ሽቦ ገመዱን ያዘ፣ መንቀል ግን አቃተው። ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ የነቀልኩት እኔ ነኝ።