ቀስቶቹ ሁሉ ወደ እኔ

ኤክስፐርቱ ትልቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ሳጥን በሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን የግብርና መሥሪያ ቤታችን ሰው ነው አለን። ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት ይሄዳል። ቀስቶቹ ግን ዞረው ዞረው አንዲት ሳጥን ላይ ይከመራሉ። ካድሬው ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«የገበሬው የዘር ጥያቄ ሁሉ እዚህ ይተኛል ማለት ነው?»

«አዎ ጓድ። ግማሽ ቀን።» አለ ኤክስፐርቱ።

«ይቺ ማን ናት?»

 ሁሉም ሻይ ወደያዝኩት ወደ እኔ ዞሩ።

በዚያ በደርግ ዘመን ወረቀት አዘገየች ማለት አሻጥር ሠራች ማለት ነው፤ አሻጥር የሠራ ደግሞ ልጆቹን ለጎረቤት ትቶ ይሄዳል። እኔ አራት ልጆች ነበሩኝ። ጎረቤቴ የራሷንም በቅጡ አታበላም። 

ኤክስፐርቱ ከአዲስ አበባ የመጣው ኮምፒዩተር ለሚባል ማሽን ፕሮግራም ሊጽፍ ነበር። ማሽኑ ሥራችንን እንዲይዝ መጀመሪያ ጠባያችንን መማር አለበት አለ። ሁለት ሳምንት ጂንካ ተቀምጦ እያንዳንዱን ሰው «ወረቀቱን ለማን ትሰጣለህ? ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» እያለ ጠየቀ። ሁሉም «ቀኑን ሙሉ» አሉት፤ እሱም ጻፈው። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ እንኳ ያንን አልጽፍም ነበር።

«ጓድ ጽዳት» አለኝ ካድሬው ስሜን ደብተሩ ላይ እየጻፈ፤ «ወረቀቱን ለምን ትይዣለሽ?»

«ያዥልን ሲሉኝ ነው ጌታዬ።»

«ጌታ የሚባል የለም።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ማን ነው ያዥ የሚልሽ?»

 ያኔ ደብዳቤና ሰው የሚያመጣው አውሮፕላን ከበላያችን ዞረ።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ ሣር ነው፤ ጥበቃው ከብቱን አባሮ ሳይጨርስ ሰው ይደርሳል። ደብዳቤ የሚጠብቀውም የማይጠብቀውም ይሄዳል፤ ማን እንደወረደ፣ ምን እንደለበሰ ሳያይ የሚውል የለም። ከካኮ በእግሩ የመጣ ገበሬ ደጃችን ላይ ቢቆም ይቁም።

ሒሳብ ሹሙ የያዘውን ወረቀት ትሪዬ ላይ ጣለ። «አንዴ ያዥልኝ እስቲ።» የዘር ክፍሉ ሠራተኛ ተከተለው። ኃላፊው ማኅተሙን ጨመረበት። ካድሬውም ስሜን የጻፈበትን ደብተር ከላይ አኖረና «እንዳይነካብኝ» ብሎ ወጣ።

ኤክስፐርቱ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሮ አየኝ፤ ሻዩ ከወረቀቱ ሥር ፈሷል።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ነፋስ እንዳይወስደው፣ እስኪመለሱ ተቀምጬበት ነው የምጠብቀው። ባለፈው አውሮፕላን ሲመጣ የእርስዎም ወረቀት እኔ ጋ ነበር።»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ ብቻውን ሳቀና ተቀምጦ አዲስ ሳጥን ሣለ፤ «አውሮፕላን» ብሎ ጻፈበት። ቀስቶቹን አንድ በአንድ ወደዚያ አዞራቸው፤ የካድሬውንም፣ የራሱንም።

ካድሬው ተመልሶ ትልቁን ወረቀት ብዙ አየው። አውሮፕላን አይታሰር። ደብተሩን ተቀበለኝ፣ ስሜ ያለበትን ገጽ ቀደደና ኪሱ ከተተ።

«ሻይ የለም እንዴ?» አለ።

ማታ ቤቴ ስገባ አራቱም ልጆቼ ነበሩ። በሩን ዘጋሁ። ማንም አልተከተለኝም፤ ተርፌያለሁ።