ሦስት መቶ ግራም

ባለቤቴ ሰው አያምንም። እኔን እንኳ ያገባኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አጣርቶ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። የነሐስ መመዘኛ ድንጋዮቹን በቦርሳ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የነጋዴን ሚዛን ይፈትሻል፤ ልክ የሆነውን ያትማል፣ በሚያጎድለው ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋል። ሰፈርተኛው «አቶ ጎደሎ» ይለዋል፤ እሱ ባለበት ግን አይደለም። ጡረታ ወጥቶ የሚጠረጥረው ነጋዴ ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ።

ልጃችን ለሦስት ወር ሥልጠና ስትሄድ ገና የገዛችውን የላብራዶር ቡችላ ለእሱ አደራ ሰጠችው። «አባዬ፣ ካንተ በቀር ማንንም አላምንም» አለችው። አየሁት፤ ደረቱን ነፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የምርመራ ክፍል ሆነ።

ምግቡን ለመምረጥ ብቻ አራት ቀን ፈጀብን። ሦስት ሱቅ ዞርን። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የከረጢቱን ጀርባ ያነባል። «ፊቱ ላይ ዶሮ ሥለዋል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን በቆሎ ነው የሚቀድመው። መጀመሪያ የሚጻፈው ብዙ ያለበት ነው። እነዚህ ሌቦች!» ይላል። አንዱ ላደገ ውሻ ነው፤ አንዱ ለትንንሽ ዘር ነው፤ የሌላው የአገልግሎት ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከረጢቱ ላይ የተሣለውን ደንዳና ውሻ በጣቱ እየነካ «ይሄ ውሻ ይሄን ምግብ ቀምሶ አያውቅም» አለኝ። በመጨረሻ ግዙፍ ለሚሆኑ ዘሮች ቡችላ የተዘጋጀ፣ አጥንት ቀስ ብሎ እንዲያድግ የሚረዳ፣ ሥጋው በዝርዝሩ የሚቀድም አገኘ። ያን ጊዜ ከቦርሳው የነሐስ ድንጋዩን አውጥቶ መጀመሪያ የሱቁን ሚዛን ፈተሸ፤ ከዚያ የታሸገውን ከረጢት አስመዘነ። ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ ከረጢቱም ልክ አሥራ ሁለት ኪሎ። ባለቤቴ ትንሽ ቅር አለው።

የእንስሳት ሐኪሟ በቀን ሦስት መቶ ግራም፣ ለሦስት ተከፍሎ እንዲሰጠው ጻፈችልን። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ የሥራ ባልደረቦቹ ጡረታ ሲወጣ የሸለሙትን የወጥ ቤት ሚዛን ከቁም ሳጥን አወረደ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ እጁ ፈትሾ ያተመው ነው፤ ማኅተሙ እስከ ዛሬ አለ። መርፌው መቶ ላይ እስኪቆም አንድ ፍሬ ይጨምራል፣ አንድ ፍሬ ይቀንሳል።

ቡችላው ግን አይጠግብም። ሳህኑን ልሶ ልሶ በአፍንጫው እየገፋ እግሬ ሥር ያመጣዋል።

«እንዳትታለዪ» ይለኛል ባለቤቴ። «አንብቤያለሁ፤ ይሄ ዘር ጠግቦም ራበኝ ይላል። ዓይኑን አትመኚው፣ አጭበርባሪ ነው።»

ዓይኑን ሳይ ዳቦ ልቆርስለት ስንት ጊዜ እጄን ሰድጄ መለስኩ። ዳቦው ደግሞ የተቆጠረ ነው፤ የቤቴን ሰው አውቀዋለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት የጎድን አጥንቱ ይታይ ጀመር። ሐኪሟ መዝናው ፊቷ ተለወጠ። «ሦስት መቶ ግራም እየበላ እንዲህ መክሳት አልነበረበትም» አለች።

«ያንቺ ሚዛን መቼ ነው የተፈተሸው?» አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ የትል መድኃኒት ሰጠችን። እሱ እቤት እስክንደርስ ሻጩን ሲረግም መጣ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፣ ገለባ ነው አለ። እቤት ስንገባ ተራው የእኔ ሆነ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን ሰጥተሽ ነው ሆዱን ያበላሸሽው?»

«ምንም አልሰጠሁትም።»

«ታዲያ ለምን ይከሳል?»

አለቀስኩ። ማልቀሴንም ጠረጠረው።

በአርባኛው ቀን ወለል ልወለውል ከረጢቱን ላነሣ ስል ከበደኝ።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ማለቅ አልነበረበትም?»

በቀን ሦስት መቶ ግራም፣ በአርባ ቀን አሥራ ሁለት ኪሎ። ከፍቶ ሲያየው ሲሶው አለ። መጀመሪያ ሻጩ አብዝቶ የሰጠን መሰለው፤ ወዲያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ከረጢቱን እኔው ነኝ ያስመዘንኩት» አለ። «ደግሞም አትርፎ የሚመዝን ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም።» ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

የነሐስ ድንጋዮቹን አመጣ። ባለ ሁለት መቶ ግራሙን የራሱ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። መርፌው ሦስት መቶ ላይ ቆመ። አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሦስት መቶ። የውስጡ ሞላ ረግቧል፤ ዜሮው ልክ፣ ማኅተሙ ልክ፣ የቀረው ሁሉ ውሸት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። እኔስ ብሆን? እንስሳው አርባ ቀን ሙሉ እግሬ ሥር እየመጣ እውነቱን ሲነግረኝ፣ ውሸታም ነው ሲሉኝ አመንኩ። አፈርኩ።

ባለቤቴ ሳይመዝን በእጁ ዘግኖ ሰጠው። ቡችላው በላ። ጨመረለት፤ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ አፉን ላሰና ሳህኑ ውስጥ ሰባት ስምንት ፍሬ ትቶ ሄዶ ተኛ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተረፉትን ፍሬዎች ሲያይ ቆየ። ቀይ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ግንባሩ ላይ የሚለጥፈው ይመስለኛል።

ልጃችን እንደ ወትሮዋ ደወለች። በየቀኑ ጠገበ ወይ ትለዋለች፤ እሱም «ሦስት መቶ ግራም፣ ልክ» ይላታል።

«አባዬ፣ ልጄ ጠገበልህ?»

«ዛሬ ጠገበ።»

«ዛሬ? ሌላ ቀንስ?»

በሚዛኑ ያሳብባል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በሸለሙት ሰዎች፣ ወይም በእኔ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሌላ ቀንማ» አላት፣ «ሚዛን ሳጎድልበት ነበር፣ ልጄ።»