ባዶ የሚያሳየው ኮምፒውተር

አባቴ የልጄን ፊት ማየት ፈልጎ ነበር። ታሞ ስለ ነበር ከቆላ ድባ ሐይቁን ዞሮ ባሕር ዳር መምጣት አልቻለም። እኔም ገና አራስ ነበርሁና ግሽ አባይ ካለው ቤታችን ንቅንቅ አልልም። ስለዚህ እዚያው ቆላ ድባ ያለው ወንድሜ በፎቶ ኮፒ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ሊያገናኘን ተስማማን። የስልክ ስክሪን ለአባቴ ዓይን ያንስ ነበር።

ሥራዬ ኔትወርክ ነው፤ በአንድ ኮሌጅ መስመር ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። በኢንተርኔት የሚሄድ ሁሉ፣ ድምፅም ሆነ ምስል፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይጓዛል። እኔም እነዚህን ፓኬቶች ሲገቡና ሲወጡ እየያዘ የሚያሳይ ፕሮግራም ለራሴ ጽፌ ነበር። ከአባቴ ጋር ስናወራ መስመሩ ሲቆራረጥብን ጊዜ አንዱን ቅጂ በወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ጫንሁት። ችግሩ የእኔ ላፕቶፕ በሊኑክስ፣ የእሱ ደግሞ በዊንዶውስ የሚሠራ መሆኑ ነው። ያው ፕሮግራም በሁለቱ ላይ ያው ነገር አያሳይም።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ይህን ሳማርርለት ሳቀብኝ። «አንች ልጅ፣ የዚህ አገር ቁናና የዚያ አገር ቁና መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? እህሉ ያው ነው። ቁናውን ማወቅ ነው እንጂ!» አለኝ።

ልጄ በተወለደች ሰሞን ጥሪው አልገባ አለ። ወንድሜ «ኔትወርክ የለም፤ ለጽሑፍ ይበቃል፣ ለድምፅም ለምስልም አይበቃም» ብሎ ጻፈልኝ። በማግሥቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። እኔን ሊያርሱ የመጡት አማቴም «አይዞሽ ልጄ፣ ኔትወርኩ ይመጣል» እያሉ ያጽናኑኛል። ኔትወርክ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰበብ ሥራ ቦታ ስሰማ ነው የምውለው። የአባቴ ሕመም እየባሰ እንደሆነስ? ልጄን ሳያያት እንዳይቀር ፈራሁ። ወንድሜን «ፕሮግራሙን ክፈተውና እኔ ስደውል የያዘውን ላክልኝ» አልሁት። ላከልኝ። ባዶ ነበር። በእኔ በኩል የሚታየው ጥሪዬ መሀል ላይ ካለው፣ ጥሪውን ከሚያስተላልፈው ድርጅት ማሽን መድረሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቆላ ድባ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ስለዚህ የወንድሜን ቃል አመንሁ።

ባዶነቱ ግን ከነከነኝ። ኮምፒውተር ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ አንድ ሁለት ፓኬት መላኩ አይቀርም። ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ማየት ጀመርሁ። በሊኑክስ ላይ ኮምፒውተሩ ከመስመር ከሚገናኝባቸው የኔትወርክ ካርዶች መጀመሪያ የተደረደረውን ይይዛል፤ እሱም ትክክለኛው ነው። ዊንዶውስ ግን ከፊት የሚደረድረው በአካል የሌሉ፣ ሌሎች ሶፍትዌሮች የፈጠሯቸውን ካርዶች ነበር። የእኔ ፕሮግራም ማንም የማያልፍበት በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ከርሟል። ዊንዶውስን እየረገምሁ፣ ፓኬት የሚያልፍበትን ካርድ ራሱ ፈልጎ እንዲይዝ አድርጌ አስተካከልሁት። ደስ አለኝ። ስንገናኝ አባቴን «ቁናውን አወቅሁት» ልለው አሰብሁ።

አዲሱን ቅጂ ለወንድሜ ላክሁለት። ምንም ሳይጠረጥር ጫነው። ረፋዱ ላይ ደወልሁ፤ እንደ ልማዱ የሚያነሣ ጠፋ። ቆይቶ ፋይሉን ላከልኝ።

ስከፍተው ሞልቷል። ልክ እኔ በደወልሁበት ሰዓት ፓኬቶቹ ገብተዋል፤ ኮምፒውተሩም መልስ ሰጥቷል። ውስጣቸው የተቆለፈ ስለሆነ አይነበቡም፤ ማንበብም አላስፈለገኝም። ጥሪዬ ደርሷል። ሱቁ ውስጥ ጮሆ ጠርቷል። ፕሮግራሙን የከፈተው ወንድሜ ነውና አጠገቡ ተቀምጦ ሰምቶታል፤ አላነሣውም።

አባቴ በሕይወት ቢኖር ወንድሜ ያን ጥሪ ዝም አይለውም ነበር። በእኛ አገር ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ሐዘን ወተቷን ያደርቀዋል ይባላል። አባቴ ሞቷል። ተቀብሯል። እኔ እዚህ ካርድ ስፈልግ ነበር።

አማቴ አጥሚት ይዘው ገቡ። ፊቴን አይተው ደነገጡ።

«ምነው ልጄ?»

«ኔትወርኩ» አልሁ።

«ይመጣል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ተናድጄ ነበር። ኩባያውን ከግድግዳው ጋር ባላትመው ደስ ባለኝ። ግን የደበቁኝ ለልጄ ጉሮሮ ብለው ነው፤ እሳቸውም እንባቸውን ይዘው ነው የከረሙት። አጥሚቱን ጠጣሁት። ለወንድሜም «አሁንም ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ አስቸገረኝ» ብዬ ጻፍሁለት።

«አይዞሽ» ብሎ መለሰልኝ። «ሲስተካከል ከአባዬ ጋር አገናኝሻለሁ።»

እስከ ክርስትናዋ ድረስ ሁላችንም ስለ ኔትወርክ አወራን። ሳጠባት እንባዬ አምልጦኝ ግንባሯ ላይ ሲወርድ በነጠላዬ እጠርገው ነበር።

ክርስትናው ባለፈ በማግሥቱ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ደጅ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ ሳያንኳኩ ከፈትሁላቸው። ሽማግሌዎቹ ነጠላዬን አይተው ወደ ወንድሜ ዞሩ። ወንድሜ ጢሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ለብሶ ከኋላቸው ቆሟል።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አንተ ነሃ» አልሁት። «ስደውል ሁሉ ይደርስህ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የጮህሁት። አያቷ ያላያት ልጄም ከውስጥ ነቅታ አለቀሰች።