ወንድሜ ለቲቸር ቃል የገባው ሳላ

የወንድሜ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን መኪናውን ይዤ ከቀጨኔ ወረድኩ። ታላቄ ነበር። ሥራው በዚህ ላንድክሩዘር እንግዶችን አዋሽ ፓርክ ወስዶ አውሬ ማሳየት ነበር። እኔን አንድም ቀን አልወሰደኝም። "በሚቀጥለው" ይለኝ ነበር። በቃ፣ የሚቀጥለው ይኼ ሆነ።

ከኋላ የተቀመጡት ቲቸር ናቸው። ሁለታችንንም ባዮሎጂ አስተምረውናል፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሳላ የሚባለውን የበረሃ አውሬ፣ ቀንዱን ሁለት ቀጥ ያለ መስመር አድርገው ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል። በአካል ግን አይተውት አያውቁም። ዓይናቸው ደግሞ እየደከመ ነው። ወንድሜ "ሳይብስብዎት አሳይዎታለሁ" ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር።

ፓርኩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ከጎኔ ገቡ።

"እሱስ?" አሉኝ መኪናውን አውቀውት።

ነገርኳቸው። ሙቀት፣ አቧራ፣ የደረቀ ሣር። ከለቅሶው ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መሪውን የያዘው እጄ የራሴ አይመስለኝም ነበር።

ከግራሮቹ መሀል ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። አምስት ሳላ። እኔ... ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክላክስ አደረግኩ። ቀጨኔ ዳገት ላይ እንጨት የጫነ አህያ መንገድ ሲዘጋብኝ እንደማደርገው። ሁለቴ።

አቧራው ብቻ ቀረ።

"አንተ! አህያ መሰሉህ እንዴ?" አሉ ስካውቱ።

"ይቅርታ ጋሼ።"

ቲቸር መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ሄዱ እንዴ? እኔ እኮ ግንድ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ስካውቱ እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት። "ወንድምህ እዚህ ጋ ሞተር አጥፍቶ ዝም ይል ነበር። ውሃው በዚህ በኩል ስለሆነ ይመለሳሉ።"

"እስከ መቼ ነበር የሚጠብቀው?"

"እስኪመጡ።"

መጠበቅ ጀመርን። የተቀመጥኩበት የወንድሜ ወንበር ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ አላስተካከልኩትም ነበር። ቀና ብዬ ለመጠበቅ ሞከርኩ።

የነቃሁት ቲቸር ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች።

"መጡ እኮ" አሉኝ። "እዚህ፣ መስኮቱ ሥር ድረስ። ስንት ዓመት ቀንዱን ስስል፣ ፊቱ ላይ ያለውን ጥቁር ረስቼው ኖሬያለሁ።"

"ለምን አልቀሰቀሱኝም ቲቸር?"

ስካውቱ ቀደሟቸው። "ከነቃህ ክላክስ ታደርጋለህ ብለን ነዋ!"

ቲቸር ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። መንገዱ ላይ የቀረው ኮቴያቸው ብቻ ነበር። ቁልፉን ያዝኩ፤ ግን አላዞርኩትም።

"እንሂድ ልጄ?" አሉኝ።

"ትንሽ እንቆይ፣ ቲቸር" አልኳቸው።